አጽናኟ

የመጀመሪያ ልጇን ከቀበረች ወዲህ የእድሩ ሽማግሌዎች እሷን ሳይዙ መርዶ ሊነግሩ አይሄዱም። የሟች እናት ስትጮህ እጇን ትይዝና «እኔንም ያጽናናኝ እግዚአብሔር ነው፤ አንቺንም አይተውሽም» ትላታለች። ሰፈሩ እንደሷ የሚያጽናና የለም ይላል። ይህን ስትሰማ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ ይላታል።

ዛሬም ገና ሳይነጋ በሯ ተንኳኳ። በመስኮት ሽማግሌዎቹን አየችና ጥቁር ነጠላዋን ደረበች። አንድ የቀረቻት ልጇ ከጅዳ የላከችላትን ጫማ አደረገች። ብዙ መንገድ ሳያስኬድ አይቀርም ብላ ነው። ከዚያ በሩን ከፈተች።

«ለማን ነው የምንሄደው?»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየገቡ ተቀመጡ።

«ኧረ ተነሱ እንጂ፤ ነግቶ ከሰው አፍ ሳትሰማው እንድረስላት» አለች።

ማንም አልተነሳም። በመጨረሻ ጎረቤቷ ጥሩወርቅ ገባች። አምና ለጥሩወርቅ የልጇን መርዶ ያረዳቻት አጽናኟ ራሷ ነበረች። ጥሩወርቅ ቀረብ ብላ እጇን ያዘች።

«እኔንም ያጽናናኝ እግዚአብሔር ነው» አለቻት፤ «አንቺንም አይተውሽም።»