የሞተ ብቻ የሚበላው ዓሣ

አውስትራሊያ፣ ታውንስቪል ነው። ባሏ ሲሞት ያላለቀሰችው ኖሊን ለዓሣዋ ለዶሪስ ትንሰፈሰፋለች እያለ ሰፈሩ ያማታል። ሰሞኑን ደግሞ ሳሎኗን የማይቻል ሽታ ያዘው።

ጎረቤቷ ግሌንዳ አፍንጫዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «አንቺ፣ ምንድን ነው የሞተብሽ? ቁርሴ ሊመለስ ነው።»

«ይመለሳ፤ እኔው ቤት አይደል የበላሽው።»

ኖሊን የጨው ውሃ ገንዳዋን ፈተሸች። ዓሦቹ ሁሉ ደህና ናቸው። ግን ድንጋይ ሥር የበሰበሰ ነገር ካለ ውሃው ተበክሎ ዶሪስን ይገድላታል ብላ፣ የበሰበሰውን የሚለቅምላት ዓሣ ፍለጋ ወደ ዓሣ ሻጩ ሄደች።

«ገንዳሽ ውስጥ እነማን አሉ?» አላት እንደ ልማዱ። ቆጠረችለት። ከነሱ ጋር ይስማማል ብሎ ግራጫ፣ ንፍጣም፣ ከንፈሩ ያበጠ ዓሣ አወጣላት። «መልኩ ያቅለሸልሻል እንጂ ጠባዩ ሸጋ ነው። ነፍስ ያለው ነገር አይነካም፤ የሞተ ብቻ ነው የሚበላው።»

ከነፌስታሉ ውሃው ላይ አንሳፍፋ ካላመደችው በኋላ ለቀቀችው። ዶሪስን ዞር ብሎም አላያት። ኖሊን እፎይ አለች። ከዚያ እንደ ሁልጊዜዋ፣ የገንዳው ባለብዙ እግር ትንንሽ ሽሪምፖች የጥፍሯን ዙሪያ እንዲለቃቅሙላት እጇን ነከረች። ሽሪምፖቹ ሸሹ። ግራጫው መጣና ትንሿን ጣቷን እንደ ማንጎ ይመጠምጣት ጀመር። ኖሊን እጇን መንጭቃ አወጣች።

ዓሣው አሸዋው ላይ ጥፍር ተፋ። ግሌንዳ እሁድ ዕለት የቀባቻት ቀይ ቀለም እንኳን አልለቀቀም።

ደም የለም። አላመማትም።

ኖሊን ቀስ ብላ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።