ለሚስት ብቻ

ይኸነው በተጋቡ በሰባተኛው ዓመት ለሚስቱ ለስሜነሽ ስምንት ቃላት ሰጣት።

የእንጅባራ ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ያልለቀቀበት ጠዋት ነበር። እሷ የስፌት መኪናዋን ዘይት ስትቀባ አጠገቧ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና በጆሮዋ ነገራት። ኮርቻ፣ ጤዛ፣ ወንፊት፣ ዝግባ፣ መቀነት፣ ጎሽ፣ ድልድይ፣ ጨው።

«ምንድን ነው፣ ድግምት ጀመርክ?»

«ቁልፍ ነው። ወረቀት ላይ እንዳይሰፍር። ለሚስት ብቻ የሚሰጥ ነው።»

ይኸነው ስልክና ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነበር። ባንክ ደጃፍ አይደርስም። ያለውን ሁሉ ያስቀመጠው ክሪፕቶ በሚሉት ገንዘብ ነው፤ ያውም ማን ለማን እንደላከ ለማንም በማያሳየው ዓይነት። ገንዘቡ የሚከፈትበት ፕሮግራም አሠራሩ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ የአማርኛ ቃላት የጨመረበት ራሱ ነው። ቃላቱን በተራቸው ያልጻፈ ሰው አይከፍተውም።

«መንግሥት ኪሴን ማየት የለበትም» ይል ነበር። «ሁሉን የያዘ አንድ ሰው ከተያዘ አለቀ። ስለዚህ ይከፋፈላል። ነጻነት ማለት ይሄ ነው።»

ስሜነሽ የተቀሩት ቃላት የት እንዳሉ አልጠየቀችም። እሱ ራሱ ጋ ይሆናሉ አለች። ልብስ ስትሰፋ ስምንቱን በመኪናው ምት እያዜመች ያዘቻቸው።

ከማክሰኞና ከሐሙስ በስተቀር ትዳሯ ሰላም ነበር። በእነዚህ ቀናት ይኸነው ሚኒባስ ይሳፈርና በማግስቱ ይመለሳል። የት እንደሚያድር ስትጠይቀው «ነጻነቴን አትንኪብኝ» ብሎ ይስቃል። አንድ ረቡዕ የተቀደደው የሸሚዙ እጅጌ በማታውቀው እጅ ተሰፍቶ መጣ። አንድ ዓርብ ደግሞ በከሰል ካውያ ተተኩሶ፣ እጥፋቱ ሁሉ ቀጥ ብሎ መጣ። ስሜነሽ ሸሚዙን ሁለት ጊዜ አጠበችው። በኋላ ጎረቤቷ እታለማሁ፣ ዳንግላ ከተማ ከአንዲት ሴት ቤት ሲወጣ እንዳየችው ነገረቻት። ስሜነሽ የዚያችን ሴት መልክ በሐሳቧ ሠራችው። ስፌትም፣ ካውያም የምትችል፣ ሽክ ያለች ሴት።

ከዚያ ይኸነው ታመመ። በሦስት ቀን ውስጥ ሞተ። ሳይናዘዝ ሄደ።

ለቅሶው ላይ አንዲት የማትታወቅ ሴት መጣች። ከድንኳኑ ጥግ ቆማ ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች። «ወይ ቀንበሬ፣ ወይ ሰፌዴ፣ ወይ ከበሮዬ፣ ወይ በረዶዬ…»

«ምን የሚሉት ሙሾ ነው?» አሉ ሴቶቹ። «ጨርቋን ልትጥል ነው መሰል።»

ስሜነሽ ግን ለቅሶዋን አቆመች። ቃል የሚጠፋባት ሴት ዜማ ላይ እንደምታስረው ታውቃለች። ሴትዮዋ እንዳትረሳ እያዜመች ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ገንዘቡ አልነበረም። ለዚያችኛዋ ስንት ሰጣት? ከእሷ የበለጠ ያመናት ከሆነ ሰባቱ ዓመት ምን ነበር? ድንኳኑ ውስጥ ቃላቱን ልትቆጥር ሞክራ ነበር፤ ለቅሶተኛው እየጮኸ ስለነበር ከአራተኛው በኋላ ያለው አልተሰማትም።

አርባው እንደወጣ በእታለማሁ ጥቆማ ዳንግላ ወረደች። ሴትዮዋ እመቤት ትባላለች፤ መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ታነሣለች። ቀሚሷ ከሣጥን እንደወጣ የተጨማደደ ነው። ስሜነሽ ይህን አይታ ትንሽ ቀለል አላት።

«ድንኳኔ ውስጥ የጮኽሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ስንት ሰጠሽ?»

እመቤት ምኑን ብላ አልጠየቀችም። «መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች።

«ሚስቱ እኔ ነኝ።»

«እኔንም ለሚስት ብቻ የሚሰጥ ነው ብሎኛል።»

ስሜነሽ ሳታስበው ተቀመጠች።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነበር የሚመጣው» አለች እመቤት። «ሌላው ሁሉ የእርስዎ ነበር። እኔ ነበርኩ የምቀናው።»

«እጅጌውን የሰፋሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽ አያምርም።»

«ነግሮኛል። ስሜነሽ ብታየው በሳቅ ትሞታለች አለኝ።»

ስሜነሽ ስሟ በዚያ ቤት ተጠርቶ እንደነበር ስትሰማ አንገቷ ሞቀ። ይህች ሴት እስከዛሬ ስለ እሷ ስትሰማ ነው የኖረችው። ቂም ለመያዝ ፈለገች፤ ነገር ግን እንባ ቀደማት።

«በቃ፣ በጣት እናሳይ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «እጃችንን ነጠላ ውስጥ እንክተት። እኩል እናውጣ። ማታለል የለም።»

እጆቻቸው ወጡ። ስምንት ጣት። ስምንት ጣት።

መጀመሪያ የሳቀችው እመቤት ነበረች።

«ደግሞ ሲያከፋፍል ፍትሐዊ ነበር» አለች።

«ነበር» አለች ስሜነሽ፤ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከእሷ የበለጠች የለችም። እኩያ ግን አለቻት፤ እኩያ ይቻላል። «ነይ፣ ተነሽ። አብረን እንክፈተው። የተገኘው ለሁለታችን ነው።»

ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ምስጋናው የሚባል ሽበታም ስልክ ጠጋኝ አለ። ይኸነውን አያውቀውም፤ ፕሮግራሙን ግን ያውቀዋል። በስሜነሽ ስልክ ላይ ጫነላቸውና ቃላቱን እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«አንቺ ቅደሚ» አለች ስሜነሽ።

«ኧረ እርስዎ፣ ታላቄ ነዎት።»

ስሜነሽ ጻፈች። ቀጥላ እመቤት ጻፈች። ትከሻ ለትከሻ ተጠግተው ስልኩን ለምስጋናው መለሱለት።

ምስጋናው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና ባዶ የቀሩትን ቦታዎች በጣቱ ቆጠረ።

«ከሃያ አምስቱ ቃላት አሥራ ስድስቱ ገብተዋል» አለ። «የቀሩት ዘጠኙ ማን ጋ ናቸው?»