የኤሪክ ጉልበት

አንባቢን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰው ሁሉ ስለ ዘይት ዋጋ በሚያወራበት ሰዓት ስለ በረዶ መንሸራተቻ ማውራት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ግን አንድ የተጠመቀ ሰው በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ አጥቷል፤ ዝም ማለትም ሌላ ኃጢአት ነው።

ታዲዮስ የሚኖረው ቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ እትዬ የኔነሽ ግቢ ውስጥ በኮምፔርሳቶ ከተከፈለች ክፍል ነው። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ሄቨን አለች። ዋይፋዩን ይጋራሉ። ሁለቱም ሲነጋ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ሲመሽ ይዘጋሉ፤ ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ ሁለቱም «ለውጭ ድርጅት» ከማለት አያልፉም። እሱ እንዲያውም ሥራውን ያገኘው እሷ ባሳየችው የቴሌግራም ቻናል ነው።

የታዲዮስ ሥራ ስኪ መምረጥ ነው። በአንድ ድረ ገጽ ላይ፣ ዕድሜውን በአልፕስ ተራራ ሲንሸራተት የጨረሰ ማርቲን የሚባል ሽማግሌ ሆኖ ለሚጠይቁት ሁሉ ይመክራል።

ነገሩ አልከበደውም። ስኪ እግር ላይ የሚታሰር ረጅም ጣውላ ነው። አዲስ የወረደ ለስላሳ በረዶ አለ፤ በመኪና ተደልድሎ የጠጠረ መንገድም አለ። ሰፊው ስኪ ለስላሳው ላይ አይሰምጥም፤ ጠበብ ያለው ደግሞ ጠጣሩን ነክሶ ይይዛል። «ገባኝ» አለ ታዲዮስ። «ለስላሳው የኛ ሰፈር ጭቃ ነው፤ ጠጣሩ የአየር ጤና አስፋልት።» በአንድ ጫማ ሁለቱን መወጣት የቀራንዮ ልጅ ከእናቱ ሆድ ይዞት የሚወጣው ዕውቀት ነው።

መጀመሪያ ላይ የሚጠይቅ አልነበረም። አሠሪው «አታስብ፣ ጠያቂ እናመጣለን» አለው። ብዙም ሳይቆይ ኤሪክ መጣ።

ኤሪክ ጨዋ ሰው ነበር። ለስላሳው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ጠጣሩም ላይ የማይከዳ አንድ ስኪ ፈለገ። «ችግሩ ጉልበቴ ነው» ብሎ ጻፈ። «ዳገቱ ወዳጄ ነው፤ ቁልቁለቱ ነው ጠላቴ።»

ታዲዮስ ሳቀ። እትዬ የኔነሽ ከቤተ ክርስቲያን በተመለሱ ቁጥር በሩን ተደግፈው የሚሏት ነገር ናት።

«ጉልበት ዜግነት የለውም» አለ ለራሱ፤ ሰፊውንም መረጠለት። ጭቃ ላይ ሰፊ ሶል የመሰለ ነገር የለም።

ኤሪክ አመሰገነ። «ነገ ቁልቁለቱን እሞክራለሁ» አለ። ከዚያ ጠፋ።

ታዲዮስ ማንበብ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰፊ ስኪ ጠጣር በረዶ ላይ ጉልበትን ያስጨንቃል ይላል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው መካከለኛ ወርድ ይሻላል ይላል። ላብ አጠመቀው። «ደህና ነህ?» ብሎ ጻፈ። ዝም። «ኤሪክ፣ እባክህ።» ዝም።

በዚያው ሰሞን እትዬ የኔነሽን ቁልቁለቱ ላይ አንሸራትቷቸው ወደቁ። ሄቨን ሥራዋን ጥላ ቤቴል ክሊኒክ ስታመላልሳቸው ሰነበተች።

«ታዲ፣ ኧረ ግባና ጠይቃቸው! አንድ ግቢ እየኖርን?» አለችው በሩ ላይ።

«እመጣለሁ ሄቩ። አንድ ሰው ተጎድቶብኝ ነው።»

«ማን?»

«አታውቂውም።»

እትዬ የኔነሽ ከውስጥ ሰሙ። «ተዪው ልጄ! ጉልበቴ እንግሊዝኛ ቢችል ኖሮ ይመጣ ነበር!»

ታዲዮስ እህል አልበላ አለው። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር አንድ ሽበታም ፈረንጅ ገደል ሥር ተዘርሮ «ማርቲን! ማርቲን!» ይላል። በመጨረሻ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ መምሬ ተክለማርያም ሄደ።

«አባ፣ ሰው ሳልገድል አልቀርም።»

መምሬ መስቀላቸውን ጠበቅ አደረጉ። «በምን?»

«በጣውላ።»

«መታኸው?»

«የለም። መረጥኩለት።»

መምሬ ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ ታግሠው ሰሙት።

«በረዶ ላይ ቆመህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በጭራሽ። የማውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው።»

«ማርቲን የሚባል ሰውስ አለ?»

«የለም፣ አባ።»

«ታዲያ ከዚህ ሁሉ እውነቱ የቱ ነው?»

ታዲዮስ አሰበ። «ጭንቀቴ» አለ።

«እንግዲያው ስግደቱ ይቆይህ። መጀመሪያ ሰውየውን በገዛ ስምህ ይቅርታ ጠይቀው። አገሩ ሩቅ ነው?»

«በጣም እንጂ!»

ታዲዮስ እየሮጠ ተመለሰ። እትዬ የኔነሽ ጉልበታቸው ታስሮ፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «እግዜር ይማርዎ» ብሏቸው ሳይቆም አለፈ፤ ቁጭ ብሎም ጻፈ፦

«ኤሪክ፣ ማርቲን የሚባል ሰው የለም። ስሜ ታዲዮስ ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቀራንዮ ነው። ስኪ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ስመርጥልህ ያሰብኩት ስለ ሰፈሬ ጭቃ እንጂ ስለ አንተ ጉልበት አልነበረም። በሕይወት ካለህ ይቅር በለኝ።»

ላከው። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ፤ ታዲዮስ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

መልሱ ወዲያው መጣ፤ በአማርኛ።

«ታዲዬ፣ በመድኃኔዓለም ይዤሃለሁ፣ ይህን ለማንም እንዳትደግመው፤ በተለይ ለእትዬ የኔነሽ። ጉልበታቸውን ሳላስፈቅዳቸው ነው የወሰድኩት።»