የግንበኛው ጣት

አራት መቶ ዓመት የቆመ የጡብ ግድግዳ ዛሬ የልጅ ልጄ ላይ እንደማይወድቅ ማን ይማልልኛል? ልጄ ማኅደር የምትኖርበት የእንግሊዝ ቤት ቅርስ ነው ይባላል። ቅርስ ማለት፣ ጡቡ ተሰነጣጥቆ በሕፃኑ ራስጌ ብርድ ሲያስገባ ቆመው የሚያደንቁት ነገር ነው።

«ድፈኑት እንጂ!» ብላት፣ «እማዬ፣ እዚህ ቤት ያለ ፈቃድ ሚስማር እንኳ አይመታም። የቅርስ ተቆጣጣሪው ይምጣ» አለችኝ።

ደግ፤ ሕፃኑም እያሳለ ፈቃድ ይጠብቅ!

ተቆጣጣሪው በወሩ መጣ። ግድግዳውን ሲያይ ተንበረከከ።

«ጭቃና ጭድ! ማንም ያልነካው የጥንት ምርጊት! የግንበኛው ጣቶች እንኳ ታትመውበታል፤ ትንሿ ጣቱ ቆልማማ ነበረች» እያለ ፎቶ አነሳ። ማኅደር ትተረጉምልኛለች።

«አሁንስ ምን አለ?»

«የሕፃኑ ትንፋሽ ምርጊቱን ይጎዳዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ ታች ዕቃ ቤት ይተኛ አለ።»

ዕቃ ቤቱ ከእርጥበት ብዛት ሻግቷል። ተነሣሁና ጣቶቼን አሻራዎቹ ላይ አሳረፍኩ። ቆልማማዋ ትንሿ ጣቴ ሳትቀር ልክክ አለች፤ ጭቃውን ከመረግኩት ገና ወሩ ነው።

ሰውየው እጄን አየ፤ ያነሳውን ፎቶ አየ። ቦርሳውን ዘጋና ወጥቶ ሄደ።