ፕላስተር የተለጠፈበት ክንድ

ነርሷ ሕፃኑን ልትቀበል ሁለት እጆቿን ስትዘረጋ፣ አጭሩ እጅጌዋ ወደ ላይ ሸሸና ክንዷ ላይ ያለው ፕላስተር ታየ። ያለጊዜው የተወለደውን ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ የተቀመጠችው እናት ፕላስተሩን ስታይ ፊቷ ፈካ። “እሰይ፣ አንቺስ የጉንፋኑን ክትባት ተወግተሻል። ዶክተሩን እኮ አልተከተብኩም ቢለኝ ከበር መለስኩት፤ እናቴን ሳይቀር። እንኪ እህቴ፣ ያዢልኝ፤ ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ።”

ፕላስተሩ ሥር መርፌ የነካው ቦታ አልነበረም። የክፍሉ ኃላፊ “ሰው ስትወጊ ጀግና፣ ተራሽ ሲደርስ ሥራ በዛብኝ” እያለች መግቢያ መውጫ ስላሳጣቻት፣ ጠዋት ነርሷ ራሷ ጥጥ አድርጋ ለጥፋው ነበር። እስካሁን ቀልድ ይመስላት ነበር። ከነጋ ጀምሮ ጉሮሮዋን ሲከረክራት የቆየውንም “አቧራ ነው” ብላ አልፋዋለች። አሁን ግን ምራቋን በዋጠች ቁጥር ይቧጥጣት ጀመር። ሕፃኑ ከእናቱ ደረት ተላቆ ወደ እሷ መጣ፤ እጇ ላይ ሊያርፍ አንድ ጣት ቀረው።

“አትስጪኝ” አለች ወደ ኋላ እያፈገፈገች። “አልተወጋሁም። ፕላስተሩን ዝም ብዬ ነው የለጠፍኩት።”

እናትየው ልጇን መልሳ አቀፈች። ነርሷ ስድብ ጠበቀች። ሴትዮዋ ግን እንቅልፍ ያጣ ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ፣ “እንግዲያው ሮጥ በይና ተወግተሽ ነይ፤ እስክትመጪ እጠብቅሻለሁ” አለቻት። ነርሷ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ክትባቱ እስኪሠራ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ለመናገር አፏ እምቢ አላት።