የካፒቴን ደጀኔ መርፌ

ትናንሽ አውሮፕላን የሚያበርር ሁሉ ነጎድጓድ እንዲፈራ የሚያደርግ መርፌ እንዲወጋ ሕግ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ መብረቅ ውስጥ የገባ አብራሪ የለም። ካፒቴን ደጀኔም ከአባያ ሐይቅ በላይ ደመናው ሲጠቁር ገና ከሩቁ ዞሮ ይሄዳል፤ መንገደኞቹ በሰላም ይገባሉ።

ቤት ውስጥ ግን ባለቤቱ ጥሩነሽ የድስቱን ክዳን በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትከድነው። አንድ ቀን አምልጧት ቢወድቅ፣ ካፒቴኑን ከአልጋ ስር ለምና ነው ያወጣችው።

የልጃቸው የሊዲያ ሠርግ ሲደርስ ጭንቀቱ ሁሉ ከበሮው ሆነ።

"አባዬ፣ በጭብጨባ ይሁን" አለችው ሊዲያ።

"ያለ ከበሮማ ሠርግ አይባልም" አለ ደጀኔ።

በሠርጉ ቀን፣ ድምፅ የሚከለክለውን የአብራሪ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ በሙሉ ልብስ መጣ። ከበሮው ሲመታ ምንም አልሰማም። ሊዲያ እጁን ይዛ ምቱን መዳፉ ላይ በጣቷ እየነካች አስጨፈረችው። ያም ሆኖ የሰው ትከሻ ሲወርድ የእሱ ይወጣል።

ከበሮው ሲያበቃ ማዳመጫውን አውልቆ ላቡን እየጠረገ ወደ ጥሩነሽ መጣ።

"ምን ላድርግ፣ ጭፈራ ያሳተኝ መርፌው ነው እኮ" አላት።

"በመርፌው አታሳብብ" አለችው፣ ክራቫቱን እያስተካከለችለት። "በእኛም ሠርግ እንዲሁ ነበርክ።"