ልቀቂው

በጠጠር ማምረቻው ድንጋይ የሚያጓጉዘው የጎማ ቺንጋ ከቆመ ግማሽ ሰዓት አልፎት ነበር። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ድራይቭ ለሦስተኛ ጊዜ «ከመጠን ያለፈ ጭነት» ብሎ ቀይ መብራቱን አበራ። ኤሌክትሪሻኗ ማስጠንቀቂያውን ሰረዘችና ጣቷን ማስነሻው ላይ አሳረፈች። መካኒኩ ቺንጋው ምን እንደነከሰ ሊያይ ብቻውን ወርዶ ነበር፤ «ሳወጣው እጮህልሻለሁ፣ ያኔ ሞተሩን ትለቂዋለሽ» ብሏታል። ዋናውን ማጥፊያ ቆልፋ መጠበቅ ነበረባት። አለቃዋ ግን «ለአንዲት ጠጠር የምን ቁልፍ ነው!» ብሎ ከኋላዋ ተገትሯል። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስኮት ከአቧራ በቀር የሚታይ አልነበረም።

«ልቀቀው! ልቀቀው!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

ጣቷ ሊጫን ሲል ቀጥ አለ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ልቀቂው አለሽ እኮ!» አለ አለቃው።

«ልቀቂው አላለም፤ ልቀቀው ነው ያለው። እኔን አይደለም። አጠገቡ ሌላ ወንድ አለ።» ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችና ቆለፈችው።

ትንሽ ቆይቶ ያው ድምፅ ተመለሰ። «በይ አሁን ልቀቂው፣ እህቴ! ይሄ በያጅ ላግዝህ ብሎ መጥቶ፣ እጁን ከቺንጋው ሥር ሰዶ ድንጋዩን አልለቅም ብሎኝ ነው!»

«ሁለታችሁም ወጥታችሁ ሳላያችሁ አልለቅም!»

ወጡ። እጃቸውን እንዲዘረጉ አዘዘቻቸው።

«ምነው፣ ቀለበት ልትለኪልን ነው?» አለ በያጁ። አለቃው ሳቀ። እሷ ግን ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ጣት በጣት እስከ ሃያ ቆጠረች።